በነጻ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ለድጋፍ ሲከፍል የቱን ይምረጥ?

ሊኑክስ (ኦፕሬቲንግ ሲስተም)፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ)፣ ኦዱ (የሒሳብና የንግድ ሥራ ማካሄጃ)፣ ሊብረኦፊስ (የቢሮ ጽሑፍና ሠንጠረዥ)፣ ኔክስትክላውድ (የፋይል ማጋሪያ)። ስንት ድርጅት በነዚህ እንደሚሠራ ብታዩ ይገርማችኋል። አንዳንዱ ባለቤት ሰርቨሩ ላይ ምን እንደተጫነ እንኳ አያውቅም። አይቲው ጫነው፣ ሠራ፣ ተረሳ። ለሶፍትዌሩ የወጣ ሳንቲም የለም። ነገሩ ቀጥ ያለ ቀን ግን ጥያቄው ይመጣል፤ ማን ጋ ይደወላል?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለሁሉም ነገር መክፈል አያስፈልግም፤ ለምንም አለመክፈልም አያዋጣም። ቢቆም ሥራችሁን ለሚያስቆመው አንድ ወይም ሁለት ሲስተም ክፈሉ፣ የቀረውን በነጻ ያዙት። ችግሩ ለየትኛው ሲስተም የትኛው ዓይነት ክፍያ እንደሚስማማ መለየቱ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

«ድጋፍ» ብለው የሚሸጡላችሁ ምንድን ነው?

አብዛኛው ነጻ ሶፍትዌር የሚሰጠው ያለ ዋስትና ነው። ብዙ ነጻ ሶፍትዌር የሚለቀቅበት የጂፒኤል ላይሰንስ ሦስተኛው ቨርዥን አንቀጽ 15 ይህንን በግልጽ ይላል፤ ሕግ ካላስገደደ በቀር ሶፍትዌሩ እንዳለ ነው የሚሰጠው፣ ቢበላሽ የጥገናው ወጪ የተጠቃሚው ነው። ስለዚህ የሚጠየቅላችሁ ሰው የለም። ገበያው የተፈጠረው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሲግነስ የተባለው ኩባንያ በ1989 ተቋቁሞ ለነጻ ሶፍትዌር ድጋፍ መሸጥ ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት ገዛው። ሬድ ሃትን ደግሞ በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ማንም በነጻ ሊያወርደው በሚችለው ኮድ ዙሪያ ይህን ያህል ገንዘብ አለ ማለት ነው።

ችግሩ፣ በዚህ አንድ ስም የሚሸጡት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ማሻሻያ ነው፤ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን ፓች ለረጅም ዓመት ይደርሳችኋል። ሁለተኛው ስልክ የሚያነሳ ወይም ቲኬት የሚመልስ ባለሙያ ነው። ሦስተኛው የእናንተን ቤት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ኢንቮይሳችሁ ምን እንደሚመስል፣ ዊዝሆልዲንግ የት እንደሚገባ፣ የሻሸመኔው ቅርንጫፍ ኢንተርኔት ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ። አንዱን ገዝቶ ሌላውን የሚጠብቅ ሰው በጣም ብዙ ነው።

ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ተመልከቱ። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው ኤልቲኤስ የተባለው ቨርዥን የአምስት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ በነጻ ያገኛል። ኡቡንቱ ፕሮ የተባለው አገልግሎት ዕድሜውን ወደ አሥር ዓመት ያደርሰዋል፣ ከዋናው ውጭ ያሉ ብዙ ሺህ ፓኬጆችንም ይሸፍናል። እስከ አምስት ማሽን ድረስ ለግልና ለአነስተኛ ንግድ በነጻ ነው። ከዚያ በላይ የአንድ ሰርቨር ዝርዝር ዋጋ በዓመት 500 ዶላር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ክፍያ ማሻሻያውን ብቻ ነው የሚያስገኘው። ስልክ የሚያነሳ ሰው ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛ ነገር ነው። የሬድ ሃትም ዝቅተኛው ሰብስክሪፕሽን እንዲሁ ነው፤ ሶፍትዌሩንና ማሻሻያውን ታገኛላችሁ፣ ቲኬት ግን መክፈት አትችሉም። መካከለኛው በሥራ ሰዓት ይመልሳል። ለከባድ ችግር ሌሊትም የሚመልሰው ከፍተኛው ነው።

ስለዚህ ሻጩ «ድጋፍ አለው» ሲላችሁ ከሦስቱ የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ምንም ሳይከፍሉ መቆየት

ይህን መንገድ አልንቀውም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከጀርባው ኩባንያ የለውም። ግን አንድ ቨርዥን ከረጅም ጊዜው እንክብካቤ ጋር አምስት ዓመት ገደማ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። ፖስትግሬስም እያንዳንዱን ዋና ቨርዥን አምስት ዓመት ይንከባከባል። ሁለቱም ለዓመታት ቃላቸውን ጠብቀዋል። የፋይል ሰርቨር፣ የውስጥ ዌብሳይት፣ የቢሮ ሠራተኞች ሊብረኦፊስ፤ እነዚህ አንድ ቀን ቢቆሙ ድርጅቱ አይዘጋም። በነጻ ያዟቸው።

ሁለት ነገር ግን ያስፈልጋችኋል። አንደኛ፣ የስህተት መልእክቱን አንብቦ፣ ተረድቶ፣ በትክክል የሚጠይቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። ሁለተኛ፣ የነጻ ቃል ውል እንዳልሆነ እወቁ። የሬድ ሃት ሊኑክስ ነጻ ቅጂ የሆነው ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ ብዙ ድርጅት ሰርቨሩን ወደ እሱ አዛወረ። በታኅሣሥ 2020 ሬድ ሃት ሐሳቡን ቀየረና በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ከሰባት ዓመት በላይ በአንድ ማስታወቂያ ጠፋ። አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ክፍተቱን ለመሙላት በ2021 ደረሱ። እውቀቱ ያለው ሰው የነበራቸው ድርጅቶች ቀየሩና ቀጠሉ። ያልነበራቸው ፓች በማያገኝ ሰርቨር ላይ ቀሩ።

የአገር ቤት ባለሙያ በውል መያዝ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ላለ መካከለኛ ድርጅት ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በብር ይከፈላል፣ በአማርኛ ይነጋገራሉ፣ ችግር ሲመጣ በአካል ይደርሳል። ከሦስቱ የድጋፍ ዓይነቶች ሦስተኛውን፣ ማለትም የእናንተን ቤት ማወቅን፣ ከዚህ በተሻለ የሚሰጥ የለም። አደጋውም እዚሁ ነው። መጫን የሚችልና መጠገን የሚችል ሰው ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ሁለቱም ሲስተሙን አስነስተው ያሳዩአችኋል። ልዩነቱ የሚታየው በክፉ ቀን ነው።

አንድ ክፉ ቀን ላሳያችሁ። ሰኔ 28 ነው እንበል። የሒሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አካውንታንቷ ኦዱን ትከፍታለች፣ አልከፍት ይላል። ሰርቨሩ ሲታይ ዲስኩ ሞልቷል፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ራሱን ዘግቷል፣ ቢያስነሱትም አይነሳም። ቦታውን የበላው ፒጂ ዋል የሚባለው፣ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ፎልደር ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ይዟል። ልምድ የሌለው ባለሙያ እዚህ ላይ የሚያደርገው የታወቀ ነው። «የድሮ ሎግ ነው» ብሎ ፋይሎቹን ያጠፋል። ዲስኩ ነጻ ይሆናል፣ ዳታቤዙ ግን ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል። በግድ ሲያስነሱት ደግሞ የትኛው ሽያጭ እንደተመዘገበና የትኛው እንደጠፋ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የፖስትግሬስ ሰዎች በ2017 በወጣው ቨርዥን 10 የፎልደሩን ስም የቀየሩትም ለዚህ ነው። የቀድሞ ስሙ «ሎግ» የሚል ስለነበረበት ሰው ተራ ማስታወሻ እየመሰለው ያጠፋው ነበር።

የሚያውቀው ሰው ምንም አያጠፋም። መጀመሪያ ዲስኩን ያሰፋል ወይም ሌላ የማያስፈልግ ፋይል ያነሳል። ዳታቤዙ ይነሳል። ከዚያ ፎልደሩ ለምን እንዳበጠ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ባክአፕ የሚወስደው ትእዛዝ ሳይሳካለት ሰንብቷል፤ ወይ ከወራት በፊት የተወገደ መጠባበቂያ ሰርቨር ስሙ አሁንም ተመዝግቦ አለ፣ ዋናው ሰርቨርም «ይመጣል» እያለ ፋይሎቹን ያከማችለታል። ያንን ምዝገባ ሲሰርዘው ፖስትግሬስ ራሱ ያጸዳል። የተከፈለበት ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ ምናልባት አርባ ደቂቃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለባለሙያው አቅርቡለት። «ዲስኩ በፒጂ ዋል ሞላ፣ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። መልሱ በ«አጠፋለሁ» ከጀመረ አመስግናችሁ ተለያዩ። «መጀመሪያ ምን እንደያዘው አያለሁ» ካለ ወንበር ስጡት። እናንተ ቴክኒኩን ባታውቁትም መልሱን መለየት ትችላላችሁ።

የአንድ ሰው ጥገኝነት ሌላው አደጋ ነው። ጎበዙ ልጅ አንድ ቀን ሥራ ይቀይራል ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል። ቢቻል ቢያንስ ሁለት ሰው ያለበት ቤት ያዙ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን የሠራውን ሁሉ እንዲጽፍ በክፍያው ውስጥ አስገቡት።

ሙሉ ደመወዝተኛ መቅጠርስ? ሰርቨሮቹ ሦስትና አራት ከሆኑ አያዋጣም ባይ ነኝ። ጥሩው ሰው ይሰለቻል፣ ደካማው ይቀመጣል። ሶፍትዌሩ ራሱ ንግዳችሁ ከሆነ ግን ለምሳሌ ክፍያ የምታስተላልፉ ወይም በኦንላይን ብቻ የምትሸጡ ከሆናችሁ፣ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ቅጠሩ።

ለአምራቹ በቀጥታ መክፈል

ኦዱን ልውሰድ፤ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሱ ስለሆነ። ሁለት መልክ አለው። ኮሚዩኒቲው ነጻ ነው፤ ኢንተርፕራይዙ በተጠቃሚ ብዛት በየጊዜው ይከፈልበታል። ሙሉው የሒሳብ አያያዝ ያለው በኢንተርፕራይዙ ነው፤ ኮሚዩኒቲው በዋናነት ኢንቮይስና ክፍያን ይይዛል። የጎደለውን የሪፖርት ክፍል ኦሲኤ የተባለው የኦዱ ማኅበር በነጻ ይሠራል፣ ግን ገጣጥሞ የሚያስተካክል ባለሙያ ይፈልጋል። ደስ የሚለው፣ የኢትዮጵያ የሒሳብ መደቦች፣ ቫትና ዊዝሆልዲንግ የያዘው ሞጁል ከነጻው ጋር አብሮ ይመጣል።

ኢንተርፕራይዝ ሲገዛ በእርግጥ የሚገኘው ትልቁ ነገር ወደ አዲስ ቨርዥን መሸጋገር ነው። ኦዱ በየዓመቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ የሚደግፈው ግን የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ነው። የከፈለ ዳታቤዙን ኩባንያው ያሻግርለታል። ያልከፈለ በኦሲኤ መሣሪያ ራሱ ይሻገራል፤ ይቻላል፣ ግን ሥራ አለው። በሌላ በኩል የአገር ውስጥ ባለሙያ ለእናንተ ብቻ የጻፈውን ኮድ መደበኛው ሰብስክሪፕሽን አይሸፍነውም። ብዙ ድርጅት የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። በዶላር ይከፍላል፤ ሲጠይቅ ግን «ይሄ የእኛ ኮድ አይደለም» ይባላል። እውነታቸውን ነው። ደግሞም ኢንተርፕራይዙን መጠቀም የሚቻለው ክፍያው እስከቀጠለ ድረስ ነው። ማቆም ቢያምራችሁ ወደ ነጻው መመለስ ቀላል አይደለም።

ከዚህ አንጻር ኢአርፒኔክስት የተባለው የኦዱ ተፎካካሪ የሚስበኝ ነገር አለው። ሙሉ በሙሉ በጂፒኤል የተለቀቀ ነው፣ የተለየ የሚከፈልበት ቅጂ የለውም። አሠሪው ፍራፔ የሚሸጠው ሆስቲንግና ድጋፍ ነው። መክፈል ብታቆሙ ሶፍትዌሩ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

የውጭ ክፍያ እኛ ዘንድ ሌላ ጣጣ አለው። የዶላር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 500 ዶላር 29 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከ60 ሺህ አለፈ። ሶፍትዌሩ አልተሻሻለም፣ ዋጋው ግን በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዕድሳቱ የሚደርስበት ቀን ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን ካዘገየባችሁ ደግሞ ገንዘብ እያላችሁም ድጋፉ ይቋረጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት የአምራች ሰብስክሪፕሽን ሲገዛ ሥራውን የሚያስቆም ጥገኝነት በዚያ ላይ ባይፈጥር ይሻላል። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ላለ የሐበሻ ንግድ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ የባለሙያ ሰዓት ውድ ነው፣ በካርድ መክፈል ቀላል ነው፤ ሰብስክሪፕሽኑ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ከሬድ ሃት የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ። አሥር ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ለአንዱ ብቻ መክፈል በውሉ አይፈቀድም። ቆጠራው የሚጠቀሙበትን ሁሉ ያካትታል።

በሆስቲንግ መልክ መግዛትም አለ፤ ሰርቨሩም ጥገናውም እነሱ ጋ ነው። ኢንተርኔታችሁ የማይቋረጥ ከሆነና ልዩ ኮድ ከሌላችሁ ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ መሸጥ ለሚያቆም ሱቅ ግን አልመክረውም።

ኮዱን ለሚጽፉት ሰዎች መክፈል

ይህን አማራጭ ብዙ ሰው አያውቀውም። የሊብረኦፊስ ፋውንዴሽን ራሱ ድጋፍ አይሸጥም። ኮላቦራን የመሰሉ፣ ኮዱን የሚጽፉ ሰዎች ያሏቸው ድርጅቶች ግን ይሸጣሉ። ዕድሜው ላለፈ ዴቢያን ፍሬክሲያን የተባለው ኩባንያ በክፍያ ተጨማሪ ዓመታት ይሰጣል። ጥቅሙ፣ ችግሩ በሶፍትዌሩ ውስጥ ከሆነ እነሱ ጠግነው ለሁሉም ይለቁታል። የአገር ውስጥ ባለሙያ እዚህ ድረስ አይሄድም፤ አይጠበቅበትምም። ድርጅታችሁ ትልቅ ከሆነና አንድ የታወቀ ችግር ዓመት ሙሉ ካስቸገራችሁ፣ ለዚያ ችግር ብቻ ክፈሏቸው።

የገንዘቡ ጉዳይ ከእኛ ሰርቨር ይሰፋል። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ሲገኝ፣ ከኢንተርኔቱ ትልቁ ክፍል የሚጠበቅበት ያ ፕሮጀክት በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር ታወቀ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ኤክስዜድ የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ተገኘ። ፕሮግራሟን ለዓመታት በዋናነት የተሸከመው አንድ የደከመው ሰው ነበር። የያዘው ሸክም ከባድ መሆኑን አይቶ «ላግዝህ» ብሎ የቀረበው ሰው ነበር በሩን የቀበረው። ለነዚህ ሰዎች መክፈል ደግነት ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ሰርቨር የቆመው በነሱ ላይ ነው።

ስንት ልክፈል?

በምሳሌ እናስላው። አንድ ጅምላ አከፋፋይ በቀን 300 ሺህ ብር ይሸጣል፣ ትርፉ ስምንት ከመቶ ነው፤ 24 ሺህ ብር። ሲስተሙ አንድ ቀን ቢቆም ግማሹ ደንበኛ ነገ ይመለሳል እንበል። ስለዚህ የቀኑ ጉዳት 12 ሺህ ነው። በዓመት ሦስት ቀን ቢቆም 36 ሺህ። እንዲህ ላለ ንግድ ሌሊት የሚመልስ ውድ ውል ትርጉም የለውም፤ በሥራ ሰዓት የሚደርስ ባለሙያ ይበቃዋል። ሒሳቡ የሚለወጠው ዳታ ሲጠፋ ነው። ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት የሚያሳየው መዝገብ ቢጠፋ 36 ሺህ ብር ምንም ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ፍጥነት ላይ ሳይሆን ባክአፕ ላይ አውሉት። ሆስፒታል ወይም ቀን ተሌሊት ክፍያ የሚያስተላልፍ ድርጅት ከሆናችሁ ግን ፍጥነቱንም ግዙ።

ውሉ ላይ «በሁለት ሰዓት ውስጥ ምላሽ» ተብሎ ቢጻፍ ምላሽና ጥገና አንድ አይደሉም። «ደርሶኛል፣ እያየሁት ነው» ማለትም ምላሽ ነው። ችግሩ ከባድ ነው ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ አስጽፉ፤ እናንተ ብትሆኑ ይሻላል። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ እናንተ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፤ በባለሙያው የግል ኢሜይል ተመዝግቦ ሲጣሉ የሚታገት ዌብሳይት ያጋጠመው ሰው ጥቂት አይደለም። ለእናንተ የተጻፈው ኮድ በድርጅቱ አካውንት ይከማች፣ ውሉ ሲያበቃም ከነሰነዱ እንደሚሰጣችሁ ይጻፍ። በዚህ አንቀጽ ቅር የሚለው ሻጭ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት።

የዓመቱን ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሥራ ብቻ በትንሽ ክፍያ ስጡት። ያላችሁን ባክአፕ ወስዶ በሌላ ማሽን ላይ፣ ዋናውን ሳይነካ፣ ሲስተሙን እንዲያስነሳው ንገሩት። አካውንታንቷ ትክፈተው፤ ያለፈው ሳምንት ኢንቮይሶች አሉ ወይ፣ የዱቤው ድምር ከዋናው ጋር ይገጥማል ወይ ትይ። ከገጠመ ፈርሙ። ባክአፑ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የመጀመሪያው ወር ሥራ እሱን ማስተካከል ይሁን፤ ከዚያ በፊት ሌላ ምንም አይነካ።